የአክስቴ ደረሰኞች

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አክስቴ የኪራይ ገቢ ግብሯን ልትከፍል አንድ ፌስታል ደረሰኝ ይዛ መጣች። «ግቢውን ያደስኩበት ነው፤ ሁሉም ይቀነስልኛል» አለችኝ።

ለየናቸው። የሚያፈሰው ጣሪያ የተጠገነበት 18,000 ብር፤ አዲስ ክፍል የተጨመረበት 90,000 ብር። የዓመት ኪራይዋ 120,000 ብር ነው።

የሒሳብ መዝገብ ብትይዝ ኖሮ የጣሪያው ወጪ ጥገና ስለሆነ ከዚያው ዓመት ገቢ ይቀነስላት ነበር። አዲሱ ክፍል ግን እንደ ሀብት ይመዘገባል፤ ወጪው በእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚነሳው። እሷ መዝገብ የላትም። አዋጅ ቁጥር 979/2008 በወቅቱ መዝገብ ለማይዝ አከራይ፣ ለጥገናም ለእርጅናም ብሎ የኪራዩን ግማሽ ይቀንስ ነበር። የእሷ 60,000 ብር መሆኑ ነው፤ ደረሰኝ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።

«ታዲያ ዕቁቤስ?» አለች። ክፍሉን የሠራችው ለልጇ ትምህርት ቤት ባሰበችው ዕቁብ ነበር፤ ከግብሩ ይተካልኛል ብላ።

አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ስለዚህ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት የዘንድሮውን ስሌት ግብር የምትከፍሉበት ቢሮ ጠይቁ። የጥገናና የግንባታ ደረሰኞችንም ለየብቻ አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ የልጅን የትምህርት ቤት ገንዘብ በግብር ቅናሽ ተስፋ አታውጡ።