በቀን አንድ ማስክ፦ ለሆስፒታልና ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በምትመሩት ቤት ማስክ የሚጠየቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው። በር ላይ ጥበቃው ማድረጋችንን ያያል፤ ስቶር ደግሞ በሞዴል 22 ወጪ መሆኑን ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ ማስኩ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

የሚሆነውን ልንገራችሁ። ነርሷ ለሻይ ስትወጣ አገጯ ላይ ታወርደዋለች። ለምሳ አጥፋ ከስልኳና ከእስክሪብቶዋ ጋር ጋዋን ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች፤ ከሰዓት መልሳ ታደርገዋለች። ሲታጠፍ ግን ታካሚ ሲያስልበት ያረፈደው የውጭ ገጽ ከውስጠኛው ጋር ተነካክቷል። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ሌላ ስትጠይቅ «ጠዋት ወስደሻል» ትባላለች።

ማስክ ያስቀረውን ነገር እላዩ ላይ ይዞ ይውላል፤ ትንፋሻችን ደግሞ ያረጥበዋል። የራሳችንም ተህዋስ አለ። ከ3 ሰው 1ዱ ያህል አፍንጫው ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ይዞ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ቁስል የሚያመግለው ይኸው ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ጥናት በማስኩ ገጽ ላይ የሚገኘው ባክቴሪያ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር እንደሚጨምር አሳይቷል። አጥኚዎቹ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና፣ በተለይ ከ2 ሰዓት ካለፈ፣ ማስኩን እንዲለውጥ መክረዋል። እኛ ቁስል የምናጥበው ጠዋት በተሰጠን ነው፤ አንዳንዴም በትናንቱ።

«እንግዲያው የጨርቅ አሰፉ» ያለን ኃላፊም አለ። ይህ ምክር ተሞክሯል። በሃኖይ 14 ሆስፒታሎች፣ በ1,607 የጤና ባለሙያዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የጨርቅ ያደረጉት የሕክምና ማስክ ካደረጉት ይልቅ በኢንፍሉዌንዛ መሰል ሕመም አብዝተው መያዛቸውን አግኝቷል። ጨርቁ ለታክሲና ለገበያ ይሁን፤ እሱም በየቀኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና ከታጠበ ነው።

እጥረት መኖሩን አልክድም። ግዢ ይጓተታል፣ ዋጋው ይንራል። ለዚህ የተገኘው መላ ግን ለሁሉም እኩል አንድ አንድ ማደል ሆነ። ቢሮ ውስጥ ብቻውን ደመወዝ የሚሠራውና ድሬሲንግ ክፍል ያለችው እኩል ይወስዳሉ! የእሱ ኮታ ለእሷ ቢተላለፍ ያለ አንዳች ተጨማሪ በጀት በቀን ሁለት ማስክ ታገኝ ነበር።

የምጠይቀው ይህን ነው። ካርቶኑ ከስቶር ወጥቶ ታካሚ በሚታይበት ክፍል፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ይቀመጥ፤ የራሰ ወይም የቆሸሸ ማስክ ወዲያው ይቀየር። ቢጫው የቆሻሻ ባልዲም መጸዳጃ ቤት ጥግ መቆሙ ይቅርና እዚያው መውጫው ላይ ይሁን። ኦዲተር የሚያየው ፊርማ የግድ ከሆነ፣ በሞዴሉ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ትፈርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድሬሲንግ ክፍል ነርስ