«ሲስተም የለም»

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ዐረፍተ ነገር አማርኛችን ውስጥ ገብቶ ተደላድሎ ተቀምጧል። «ሲስተም የለም» ይባላል። ባንክ ብትሄድ ሲስተም የለም። ቀበሌ ብትሄድ ሲስተም የለም። ሬጅስትራር ብትሄድ፣ ማደያ ብትቆም፣ የመብራት ልትከፍል ብትሰለፍ ያው ነው። ተናጋሪው አያፍርም፤ ሰሚውም አይጠይቅም። አንዱ መስኮቱን ይዘጋል፣ ሌላው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በቃ። እንግዲህ በዚህች ጽሑፍ ጠብ የፈለግሁት ከዚህ ዐረፍተ ነገር ጋር ነው። ከስልክም ሆነ ከኮምፒዩተር ጋር ጠብ የለኝም።

ቋንቋ እናጠናለን ካልን እስቲ ዐረፍተ ነገሯን እንፈትሻት። ባለቤቷ «ሲስተም» ነው፤ ማሰሪያዋ «የለም»። አድራጊ የሚባል ነገር የለባትም። ማን አጠፋው? ማን ይጠግነዋል? መቼ ይመለሳል? ለአንዱም መልስ የላትም። እኅቷ ደግሞ «ኢንተርኔት ተቋረጠ» የምትባለው ናት። «ተቋረጠ» ተደራጊ ግሥ ነው፤ ልክ ዝናብ ተቋረጠ እንደምንለው ማለት ነው። ገመድ ግን ራሱን አይቆርጥም። አንድ ሰው በአንድ ቢሮ ተቀምጦ «ቁረጥ» ብሏል፤ ሌላው ትእዛዙን ተቀብሎ ቆርጧል። ሁለቱም ስም አላቸው፤ ሁለቱም ደመወዝ ይበላሉ። «እኛ ቆረጥነው፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ነው» የሚል ግን ብዙ ጊዜ አንሰማም።

በአንድ የወረዳ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ የሰማሁትን ላንሣ። ከገጠር በእግራቸው የመጡ አንድ አባት ተራቸው ደርሶ «አባቴ፣ ሲስተም የለም» ሲባሉ፣ «የት ሄዶ ነው ልጄ? ደሴ ነው?» ብለው ጠየቁ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ሳቀ። ለእኔ ግን በዚያ በረንዳ ላይ ቁም ነገር የተናገሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የሄደ ነገር የሄደበት ቦታና የሚመለስበት ቀን ሊኖረው ይገባል ብለው ነው የጠየቁት። የተማረው ሰው ይህን መጠየቅ ትቷል። «ሲስተም» የምትለዋ የፈረንጅ ቃል አፉን ዘግታዋለች።

የወረኢሉ ልጅ ነኝና የአገሬን ታሪክ ብጠቅስ ጉረኛ አትበሉኝ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የዐድዋን ዘመቻ ሲያውጁ የሸዋ ሰው በጥቅምት አጋማሽ እንዲከት የተቀጠረው ወረኢሉ ላይ ነበር። ታወር አልነበረም፤ ቴሌብር አልነበረም። ነጋሪት ተጎሰመ፣ ዐዋጁ በየገበያው ተነገረ፣ ሰዉም በቀኑ ተገኘ። ያ ዐዋጅ ማን እንደሚናገር ይታወቃል፤ ምክንያቱን ያስረዳል፤ ቦታውን ይጠራል፤ ቀኑን ይቆርጣል። «የድሮ ሥርዓት ናፋቂ» የሚለኝ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። ዐዋጁ ለቀረ ሰው ዛቻም ነበረበት፤ የዚያ ሁሉ ሠራዊት ቀለብም ከባላገሩ ጎተራ መውጣቱን እናውቃለን። ያን ዘመን መልሱልን የሚል ሰው የለም። ግን በነጋሪት ዘመን ባላገሩ ማን እንዳዘዘው ካወቀ፣ በዲጂታል ዘመን ማን እንደዘጋበት የማያውቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ልማት የሚባለው ይሄ ነው?

አሁን ወደ ቅርቡ ነገር እንምጣ፤ ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀርቶ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ሾፌሩም፣ የባጃጁም ልጅ፣ ለእህል ወፍጮው ናፍጣ የሚገዛውም በስልኩ እንዲከፍል ታዘዘ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ የክልሉም የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። የጠፋውም ለሳምንት አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአንዳንድ ከተሞች መመለስ እስኪጀምር ድረስ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ነው። እንግዲህ ፍረዱ። አንደኛው እጅ «በስልክ ካልሆነ አትገዛም» ይላል፤ ሌላኛው እጅ ስልኩን ያጠፋል። ሁለቱም እጆች የአንድ መንግሥት ናቸው።

«ቴሌብር እኮ ያለ ኢንተርኔትም በ*127# ይሠራል» የሚል ብልጥ ይኖራል። ልክ ነው፣ ይሠራል። ድምፁም በጠፋበት ቦታና ቀንስ? ባትሪው ባለቀበት፣ መብራቱ በሌለበትስ? የሚመጣለትን የእንግሊዝኛም ሆነ የአማርኛ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችለው፣ የምስጢር ቁጥሩን ለባለ ሱቁ ልጅ ነግሮ ለሚያስከፍለውስ? መፍትሔው ሲቀርብ ሁልጊዜ ለሚችለው ሰው ነው የሚቀርበው። በትልልቅ ከተሞች ዋይፋይ ያለው ሰው ያን ዓመት እንደምንም ተሻገረው። የገጠሩ ሰው ዋይፋይ የት ነው?

ጉዳዩን የገንዘብ ብቻ አታድርጉት። ከቦረናም፣ ከከላላም፣ ከለጋምቦም፣ ከወረኢሉም ልጁን ዐረብ አገር ያልላከ ቀበሌ ፈልጉ እስቲ። እናት የልጇን ፊት የምታየው በኢሞ ነው። ልጅቱ ሳዑዲ ወይም ቤሩት ከሰው ቤት ሆና ሌሊት ሰርቃ ትደውላለች፤ እናት የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞላት ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች። ኢንተርኔት ሲዘጋ የተዘጋው ይሄ ነው። ልጅቱ አሠሪዋ ትምታት፣ ትታመም፣ ትታሰር፣ እናት የምታውቅበት መንገድ የለም። ይህን ሁሉ «ተቋረጠ» በምትል አንዲት ግሥ ጠቅልሎ ማለፍ ይቻላል?

ነገሩም በእኛ አልተጀመረም። በ2008 ዓ.ም. የመልቀቂያ ፈተና ተሰርቆ ወጣ፤ ፈተናው ሲደገም ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ለፈተናው ሲባል የመላው አገር ኢንተርኔት ተዘጋ። ለአንድ ሌባ ሲባል ሰፈሩን ሁሉ ማጨለም ልማድ የሆነው ያኔ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ጨለመች፤ አብዛኛውን ጊዜ ስልክም ባንክም ሳይኖር ሁለት ዓመት አለፈ፤ የተቀረው አገር ደግሞ ይኖር ነበር፤ ቴሌብርም የተመረቀው በዚያው መካከል ነው። የዛሬ ክርክሬ ለወሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋ አይኖረውም። ትግራይ ላይ ትክክል ያልነበረ ነገር እዚህም ትክክል አይደለም፤ እዚህ ትክክል ያልሆነው ነገ ሌላ ቦታም ትክክል አይሆንም።

«ጸጥታ ነው፤ በፌስቡክ ወሬ ሰው ተጋደለ» ይሉናል። ወሬ ሰው አያጋድልም አልልም፤ አጋድሏል። ግን ወሬ የሚበረታው የት ነው? ሰው ማረጋገጥ በማይችልበት ጨለማ ውስጥ ነው። ደግሞስ የዜና መታፈን ምን እንደሚያስከፍል ለወሎ ሰው ማስተማር ያስፈልጋል? የ1965ቱን ረሃብ መንግሥት ደበቀው። የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳዩ፤ ዓለም የሰማው ግን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሰው መንገድ ላይ ወደቀ! ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህንኑ የወሎ ረሃብ መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ በአገሪቱ እህል ጨርሶ ጠፍቶ እንዳልነበረ አሳይቷል፤ የወሎ ሰው የሚገዛበት አቅም ነበር ያጣው። ኋላም ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይከሰትም ብሎ ተከራክሯል። እንግዲህ ወሎ ዜና ሲታፈን ምን እንደሚሆን በሬሳ የተማረ አገር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። በዶርማችንም በካፌያችንም ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ስልክ አምላኪ ነው። አዲስ ነገር ሁሉ እድገት ይመስለዋል፤ ያልገባው ገበሬ «ኋላ ቀር» ነው፤ ወረቀት የሚባል ነገር ይጠየፋል። ሁለተኛው ስልኩን ይዞ ስልክ የሚረግመው ነው፤ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ባህላችንን አጠፋ» እያለ ሌሊቱን በቲክቶክ ያነጋል። ሁለቱም አንድ ነገር ረስተዋል። መሣሪያው በራሱ ጌታም ጠላትም አይሆንም፤ መጠየቅ ያለበት ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነና ባለ ቁልፉ ለማን እንደሚመልስ ነው። የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ዛሬ የባንክ ደብተር ለማውጣት ፋይዳ ያስፈልጋል። መታወቂያችንም፣ ገንዘባችንም፣ ነዳጃችንም፣ ውጤታችንም በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ገመዱን ዝም ብሎ የሚቆርጥ እጅ ባለበት አገር ይህን ሁሉ አንድ ገመድ ላይ መስቀል ምን ይባላል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሕዝብ የሚገለገልበት ማናቸውም መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን በስልክ ብቻ ማድረግ አይገባውም፤ ሲስተሙ ሲጠፋ የሚሠራበት ደረሰኝ፣ መዝገብና ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል መስኮት በሕግ ይኑረው። የሚዘጋም አካል ካለ ስሙን፣ ምክንያቱንና የሚከፍትበትን ቀን ይናገር፤ አላግባብ ከዘጋም የሚከሰስበት ፍርድ ቤት ይኑር። ይህን ለመጠየቅ የኮምፒዩተር ምሩቅ መሆን አያስፈልግም፤ ያ አባት በአንዲት ጥያቄ ጨርሰውታል።

ከራሳችን ግቢ መጀመር ደግሞ እንችላለን። የክፍል ማስታወቂያ በቴሌግራም ብቻ አይለጠፍ፤ ስልክ የሌላት ወይም ካርድ የጨረሰች ተማሪ ፈተና ያለፋት እኮ በዚህ ነው። ሰሌዳው እዚያው ቆሟል፤ ወረቀት ለጥፉበት። ሃንድአውቱ በቤተ መጻሕፍት አንድ ኮፒ ይቀመጥ። ይቺም በስቴንስል የተባዛች ገጽ እጃችሁ የገባችው ማንም ሊዘጋት ስላልቻለ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ከእኛ መካከል ብዙዎቹ የሚቀመጡት እዚያው መስኮት ውስጥ ነው። በወረዳው፣ በባንኩ፣ በትምህርት ቤቱ። ያን ቀን ከገጠር በእግራቸው የመጡ እናት ወይም አባት ፊታችሁ ሲቆሙ «ሲስተም የለም» ብላችሁ መስኮቱን አትዝጉባቸው። ማን እንዳጠፋው ጠይቃችሁ ንገሯቸው፤ መቼ እንደሚመለስ ንገሯቸው፤ እስከዚያው ድረስ ብዕር አንሡና በመዝገብ ጻፉላቸው።