ሚዜው ይመርጣል፣ ጓደኛ ይከፍላል

በብሪታኒያ አንድ ወጣት ሊያገባ ሲል ጓደኞቹ የወንደላጤነት መሰናበቻ ይደግሱለታል። ቀድሞ ድግሱ በአብዛኛው በሰፈር መጠጥ ቤት ያልቅ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ አውሮፕላን ይሳፈሩበታል። ወዴት? የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ደግሞ ዋናው ሚዜ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የአየር ገበያውን እ.ኤ.አ. በ1997 ሙሉ በሙሉ ሲከፍት እንደ ራያንኤርና ኢዚጄት ያሉ ርካሽ አየር መንገዶች ተስፋፉ። በ2004 ቼክ፣ ሃንጋሪ፣ ፖላንድ፣ ላትቪያና ኢስቶኒያ ኅብረቱን ተቀላቀሉ። ፕራግ፣ ቡዳፔስት፣ ክራኮው፣ ሪጋና ታሊን የለንደን ደመወዝተኛ የቅዳሜና እሁድ መዝናኛ ሆኑ።

ሚዜው የሚያወዳድረው የትኬቱንና የአንድ ጃምቦ ድራፍትን ዋጋ ነው። ይህ ሂሳብ ጎደሎ ነው። ርካሽ የተባለው ትኬት ሻንጣ ሲጨመርበት ይወደዳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሳ አውሮፕላን የሌሊት ታክሲ ያስከፍላል። ዓርብ ከሥራ የቀረ የቀን ሠራተኛ የዕለት ገቢውን ያጣል። ከተሞቹም ቢሆኑ መረበሹ ሰልችቷቸዋል፤ አምስተርዳም በ2023 ለጭፈራ የሚመጡ ወጣት ብሪታኒያውያንን አትምጡብኝ የሚል ዘመቻ ከከፈተች በኋላ፣ በ2024 የቱሪስት ግብሯን ወደ 12.5 በመቶ አሳድጋለች። ፕራግም በዚያው ዓመት ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት የሚያዞሩ አስጎብኚዎች በሌሊት እንዳይሠሩ ከልክላለች። ዘመቻው የሚያስቀረው ሰው መኖሩ ያጠራጥራል፤ ግብሩ ግን ደረሰኝ ላይ ይሰፍራል።

ከሁሉም የሚከብደው የሙሽራው ወጪ ነው። በልማዱ እሱ አይከፍልም። አሥር ሆነው ቢሄዱ እያንዳንዱ ጓደኛ ከራሱ ወጪ ሌላ የሙሽራውን አንድ ዘጠነኛ ይሸከማል። ሁለቱ ቢቀሩ ድርሻው አንድ ሰባተኛ ይሆናል። መራጩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ የሆነበት ገበያ ማለት ይህ ነው። ደህና ደመወዝ ላለው ሚዜ ፕራግ ቀላል ናት። አነስተኛ ገቢ ያለው አብሮ አደግ ግን እምቢ ቢል ጓደኛውን እንደናቀ ይቆጠራል፤ እሺ ቢል ይበደራል። ለሚዜ ሱፍ መዋጮ የተጠየቀ የአዲስ አበባ ወጣት ይህን ጭንቀት አያጣውም።

እንግዲያው ከከተማው በፊት መታወቅ ያለበት የትንሹ ኪስ አቅም ነው፤ እሱም ለየብቻ ተጠይቆ እንጂ ሁሉም በተሰበሰቡበት አይደለም። ለሰባት ሰው ፕራግ ከመሄድ፣ ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ወደምትርቀው ብራይተን አሥር ሆኖ መሄድ ይሻላል። ቢራው እዚያ ውድ ነው።