ስሙ ያልታወቀ ባሩድና የቅዳሜ አደን

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አማትና ስለ ቤት ኪራይ ስንጨዋወት ኖረናል። የዛሬው ጥያቄ ግን ከወትሮው ለየት ይላል። ጠያቂያችን አሜሪካን አገር፣ ኮሎራዶ የሚኖር ወጣት ነው፤ ጉዳዩም ባሩድ ነው። ባሩድ ስላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ውስጡ ትዳርም አለ፣ ጓደኝነትም አለ፣ ከሁሉም በላይ የሰው ዓይንና እጅ አለበት። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የ29 ዓመት ወጣት፣ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አደን መውጣት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጠመንጃዬ .223 ሬሚንግተን የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚጎርስ ነው። የምናድነው የገበሬውን በግ የሚፈጀውን ኮዮቴ የሚባል ቀበሮ መሰል አውሬ ነው። የሱቅ ጥይት ኪሴን ስለጎዳኝ የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስቤ ራሴ ልሞላ ብዬ ዕቃውን ሁሉ ገዛሁ። አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር ግማሽ የቡና ጣሳ ባሩድ ሰጠኝ። ጣሳው ላይ በእስክሪብቶ ‹4895› ተብሎ ተጽፏል። ‹ከዚህ የሚሻል የለም፤ ዝም ብለህ ሙላው› አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ይሄ ነገር ከቤቴ ይውጣ› ብላ አኩርፋለች። ቅዳሜ የአደን ቀጠሮ አለን። የሚሻለው ባሩድ የትኛው ነው? ሚስቴስ እውነቷን ነው ወይስ ፈሪ ናት?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ። ሚስትህ እውነቷን ነው። ከጣሳው አንዲት ቀለህ እንኳ እንዳትሞላ። ቅዳሜ የሱቅ ጥይት ይዘህ ሂድ። ምክንያቱን አሁን እናውራው። እኔም አሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ ጋር ጋራዡ ውስጥ ጥይት ስንሞላ ያመሸንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ የማወራህ ከሰሚ ሰሚ አይደለም።

ጭራሮና ፍልጥ

መቼም ባሩድ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ጥቁር ዱቄት ይመስለዋል። ድሮ እውነት ነበር። ጨው መሰሉ የባሩድ ማዕድን፣ ድኝና ከሰል ተቀላቅሎ ይሠራና ሲተኮስ አገሩን በጭስ ይሸፍነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራና ነገሩ ተለወጠ። የዛሬው የጠመንጃ ባሩድ በአሲድ ከታከመ ጥጥ ወይም የእንጨት ጭረት የሚሠራ ነው። አንዳንዱ ላይ ናይትሮግሊሰሪን ይጨመርበታል።

ቁም ነገሩ ይሄ ባሩድ የሚቃጠልበት ፍጥነት ነው። እናቶቻችን ምጣድ ሲያሰሙ ማገዶ እንደሚመርጡት ማለት ነው። ጭራሮ ቦግ ብሎ ያልቃል፤ ፍልጥ ቀስ ብሎ ይነድዳል። የባሩዱ ቅንጣት መጠን፣ ቅርፅና የተቀባው ነገር አንዱን ጭራሮ፣ ሌላውን ፍልጥ ያደርገዋል። ለሽጉጥ የሚሆኑት፣ ለምሳሌ ቡልስአይ የሚባለው፣ ጭራሮዎች ናቸው። ለጠመንጃ የሚሆኑት ዘገም ይላሉ። ለአንተ .223 በፍልጥ ምትክ ጭራሮውን በዚያው መጠን ብትሞላው ጠመንጃው ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

እንዴት መሰለህ? ለ.223 የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 55,000 ፓውንድ ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ32 ፓውንድ አካባቢ ነው። ከጎማ ከ1,500 ጊዜ በላይ የበለጠ ግፊት ጉንጭህ ሥር ተቀምጧል ማለት ነው። ትክክለኛው ባሩድ ይህን ወሰን ሳያልፍ አረሩን ይገፋዋል። የተሳሳተው ግን ወሰን አያውቅም።

ታዲያ እንዴት ይመረጣል?

«የሚሻለው የትኛው ነው?» ላልከኝ፣ ለሁሉም የሚሻል የሚባል ባሩድ የለም። ላንተ ጠመንጃ፣ ላንተ ቀለህና ላንተ አረር የሚስማማ ነው ያለው።

አንደኛ፣ የቀለሁን ሆድ እይ። .22 ሆርኔት፣ .223 ሬሚንግተንና .22-250 ሬሚንግተን የሚተኩሱት አረር ውፍረት ያው 5.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሆዳቸው ግን አይገናኝም። ትንሿ ሆርኔት ፈጠን ያለ ባሩድ ትፈልጋለች፤ .223 መካከለኛውን፤ ትልቁ .22-250 ደግሞ ዘገም ያለውን። ኤች 380 የሚባለው ባሩድ ስሙን ያገኘው እንኳ ነጋዴው ብሩስ ሆጅደን የ.22-250 አባት በሆነው ጥይት ላይ 38.0 ግሬይን ሞልቶ ስለወደደው ነው ይባላል። ያ ልክ የእሱ ጠመንጃ ልክ ነበር፤ ያንተ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የአረሩ ክብደት። ግሬይን የሚባለው መለኪያ ከአንድ ግራም 15 እጅ አንዱ ያህል ነው። ባለ 40 ግሬይን አረር ቀላል ነውና ቶሎ ይሸሻል፤ ባለ 77ቱ ከባድ ነውና ይገትራል። አረሩ በከበደ ቁጥር ዘገም ያለ ባሩድ ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን አፈሙዝህ ውስጥ ያለውን ጥምዝ ጠይቅ። በ12 ኢንች አንዴ የሚዞረው ለቀላል አረር ነው፤ በ7 ወይም በ8 ኢንች የሚዞረው ከባዱን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አረር፣ ቀጥሎ ባሩድ።

ሦስተኛ፣ ቅርፁ። ኤች 335ና ዊንቸስተር 748 ክብ ቅንጣት ስለሆኑ ከመስፈሪያው እንደ ጤፍ ይንቆረቆራሉ፤ ስፍራቸውም እኩል ይወጣል። ቫርጌትና የ4895 ዘመዶች እንደ ተቆራረጠ ፓስታ ናቸውና መስፈሪያው ላይ አንዳንዴ ይንገጫገጫሉ። በሌላ በኩል ቫርጌትና ኤች 4895 ሙቀትና ብርድ ብዙ እንዳይለውጣቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እናንተ አገር በጥር ብርድ የሞከርከው ጥይት በሐምሌ ፀሐይ ሲተኮስ ግፊቱ ሊጨምር ስለሚችል ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛውን ደግሞ ጎረቤቴ ሳይጠቅስ አያልፍም ነበር፤ ቀለሁን ጥሩ አድርጎ የሚሞላ ባሩድ ምረጥ። ለምን ብትል፣ ተሳስተህ ሁለቴ ብትሰፍር ሞልቶ ይፈስና ያጋልጥሃል። ፈጣኑ ባሩድ ግን ትንሽ ስለሚበቃው ሁለት ስፍር ቀለሁ ሥር ተደብቆ ይቀመጣል።

«4895» የማን ነው?

አሁን ወደ ጣሳህ እንመለስ። ጓደኛህ በእስክሪብቶ የጻፈው ቁጥር የባሩዱን ሙሉ ስም አይነግርህም። አይ ኤም አር 4895 የሚባል አለ፤ ኤች 4895 የሚባልም አለ። የመጀመሪያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር ጠመንጃ የተሠራ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሆጅደን የተረፈውን ከመንግሥት ገዝቶ ለአዳኞች ቸረቸረ። በኋላ ደግሞ በዚያው ቁጥር የራሱን አወጣ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለቱንም የሚሸጠው አንድ ኩባንያ ሆኖ ሳለ፣ የሙሌት ሠንጠረዣቸው ግን ዛሬም ለየብቻ ነው። ለምን? ስም እንጂ ጠባይ አይጋሩማ! 4198 እና 4831 በሚባሉትም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ።

ይሄም ቢሆን ጣሳው ውስጥ ያለው 4895 ከሆነ ነው። የቡና ጣሳ ነገር ታውቃለህ፤ ትናንት አንዱ፣ ዛሬ ሌላው ይቀመጥበታል። ትራፊ በትራፊ ላይ ተደፍቶ ከሆነስ? ባሩድ በዓይን አይለይም። ብዙዎቹ ግራጫና ጥቁር ደቃቅ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት የሞላ ሰው እንኳ አይቶ «ይሄ እንትን ነው» ብሎ አይምልልህም። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም። ግን «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ያሉት አባቶቻችን ባሩድን ቢያዩ ኖሮ ምን ሊሉ ነው?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬይን ነው። ለስሌት ያህል ብቻ ለአንድ ቀለህ 25 ግሬይን ብንል 280 ጥይት ይወጣዋል። ይህን ቁጥር ልክ ነው ብለህ እንዳትሞላበት፤ ልኩን መጽሐፉ ነው የሚነግርህ። ዛሬ አንድ ፓውንድ ባሩድ ከ40 ዶላር በላይ ቢሸጥም፣ ጣሳህ የሚያተርፍልህ ያንኑ ነው። ለዚያች ብር ዓይን አይሸጥም።

አሁን ምን አድርግ?

ጣሳውን አታቃጥለው፤ ሽንት ቤትም አትድፋው። ትንሽ ስለሆነ ሣር ላይ ስስ አድርገህ በትነው። ናይትሮጅን ስላለው ዝናብ ሲነካው ለሣሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ልጅህና ውሻ የሚጫወቱበት ቦታ ግን አይሁን።

ከዚያ ከነእሽጉ አዲስ ባሩድ ግዛ። የባሩዱ ወይም የአረሩ ፋብሪካ ያሳተመውን የዘመኑን መጽሐፍ ይዘህ፣ የጻፈውን አረርና ቀለህ ሳትለውጥ፣ ከከፍተኛው ልክ 10 በመቶ ዝቅ ብለህ ጀምር። ጠረጴዛህ ላይ አንድ ባሩድ ብቻ ይኑር። አረር ከመግጠምህ በፊት ቀለሆቹን ደርድረህ በባትሪ ውስጣቸውን እይ። ስትተኩስ ቃታው ለመክፈት ካስቸገረህ፣ ወይም ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው መለኮሻ ጠፍጣፋ ከሆነች፣ እዚያው ቁም። ቢራ፣ ሲጋራና ቴሌቪዥን ከዚህ ሥራ ጋር አይሄዱም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ባሩድ ላይ ግን የቸኮለ የሚለቅምበት እጅ ላይኖረው ይችላል።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ባሩዱ ከፋብሪካ ዕቃው አይውጣ። የፋብሪካው ዕቃ ሳሳ ያለው ሆን ተብሎ ነው፤ እሳት ቢነሳ ግፊቱን ቶሎ እንዲለቅ። ስለዚህ ድፍን ካዝና ውስጥ አትቀርቅረው። ቀዝቃዛና ደረቅ የሆነ፣ ልጅህ የማትደርስበት የእንጨት ቁም ሣጥን ይበቃል። ሽታው ጉሮሮ የሚከረክር አሲድ ከሆነ ወይም ዝገት መሰል ቀይ አቧራ ካወጣ ተበላሽቷልና አስወግደው።

ስለ ትዳርህ

ባለቤትህን ፈሪ አትበላት። እሷ ስለ ባሩድ አይነት ላታውቅ ትችላለች፤ ስም የሌለው ነገር ቤት ውስጥ እንደማይቀመጥ ግን አውቃለች። ይህ ደግሞ የሥራው የመጀመሪያ ሕግ ነው። «ልክ ነሽ» በላት። ጣሳውን ስትበትን ትይህ። የቁም ሣጥኑን አንዱን ቁልፍ ለእሷ ስጣት። ያን ጊዜ አደኑንም አታኮርፍበትም። ለጓደኛህ ደግሞ «ስሙን ስላላወቅኩት ጣልኩት» ለማለት አትፈር። እውነተኛ ወዳጅ ከሆነ አይቀየምህም።

እኛስ እዚህ አዲስ አበባ ያለነው? ጠመንጃ ባይኖረንም ጣሳው በየቤታችን አለ። በረኪና በውሃ ሃይላንድ፣ ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ፣ ስም የሌለው ክኒን በወረቀት ተጠቅልሎ ኮመዲኖ ላይ... ዛሬ ማታ እስቲ ፈትሹት። ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ከጠፋ አስወግዱት።

ጥያቄያችሁን መላካችሁን አታቋርጡ። እስከ ሳምንት ቸር ያቆየን!