የሙሽሮች ዝርዝርና የጎረቤት መሶብ

ባለፈው ጥር ወር፣ ቀድሞ በካዛንቺስ ያስተማርናት አንዲት ልጅ ከእጮኛዋ ጋራ ወደ ቤታችን መጥታ፣ «ጋሼ፣ የሠርግ ጥሪያችንን አማርኛ ያርሙልን» አለችን። የጥሪው ቃልም እንዲህ የሚል ነበር፤ ሙሽሮቹ የቤት ዕቃ በስጦታ እንዲመጣላቸው አይሹም፤ በዚህ ፈንታ ወደ አርባ ምንጭ ለሚያደርጉት የጫጉላ ሽርሽር የሚያስፈልገው ወጪ በዝርዝር ቀርቧልና፣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ከዝርዝሩ አንዱን መርጦ ዋጋውን በባንክ ወይም በቴሌብር እንዲልክ ይለምናሉ። የአውሮፕላን መሳፈሪያ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ በጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ለማየት የሚደረግ የጀልባ ጉዞ፤ እያንዳንዱ ከነዋጋው ተጽፏል። ከሁሉ የሚያንሰው 3,000 ብር ነበር።

እኛም ሐሳቡን ወደድነው። «አምስት ብርድ ልብስና ሦስት ረከቦት ከሚደራረብባችሁ ይህ ይሻላል» ብለን፣ ፊደሉን አርመን መለስንላቸው። ዛሬ የምንጽፈው ያን ቀን ሳናርመው ስለ ቀረው ነገር ነው።

የስጦታ ዝርዝር ማዘጋጀት ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ነው። በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ የነበረው ማርሻል ፊልድ የተባለው ታላቅ መደብር እ.ኤ.አ. በ1924 ሙሽሮች የሚሹትን ዕቃ የሚያስመዘግቡበት መዝገብ እንደ ከፈተ ይነገራል። ከጊዜ በኋላ በዕቃው ፈንታ የሽርሽር ወጪ ይመዘገብ ጀመር። በአገራችንም ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ገንዘብ በስልክ መላክ እጅግ ቀሏል። በቀድሞው ልማድ ግን ጫጉላ መንገድ መሄድ አልነበረም፤ ሙሽሮች በቤት ተከልለው፣ ሚዜዎች እየጠበቁአቸው፣ ዘመድም እየጠየቃቸው የሚሰነብቱበት ጊዜ ነበር።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በ1928 ዓ.ም. በጀመረው የጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው፣ «ኢንቺስ» ከተባለው የጣልያን ድርጅት ነው። በዚያ ሰፈር ሠርግ ሲደርስ ዝርዝር የሚጽፍ አልነበረም፤ አያስፈልግም ነበርና። የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ይመጣል፤ ሙሽራዪቱ ምን እንዳላትና ምን እንደ ጎደላት የሰፈር እናቶች አስቀድመው ያውቃሉ፤ አንዷ ጀበና ካሰበች ሌላዋ ምንጣፍ ታስባለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውም ለዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ተለየ፤ ብዙዎችም ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ጉድለትን የሚያይ የጎረቤት ዐይን ሲርቅ፣ የወረቀት ዝርዝር ቢተካው አያስደንቅም። ስለዚህ ልጆቹን አንነቅፋቸውም።

ተክሊሉ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ከሳምንት በኋላ በዚያው ደጅ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘን፤ ከሙሽራዪቱ ቤተ ሰብ ጋራ በካዛንቺስ አንድ ግድግዳ ለይቷቸው የኖሩ ናቸው። ከሠርጉ ስለ ምን እንደ ቀሩ ብንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ወረቀቱን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ። ቤታችን ሳይፈርስ መሶብ ጀምሬላት፣ ከሄድንበት አገር ጨርሼላት ነበር። ‹እማማ፣ መሶብ እዚህ ውስጥ የለም› አለችኝ። ገንዘቡም ከዐቅሜ በላይ ሆነ። በባዶ እጄ ገብቼ ላሳፍራት?» አሉን። እኛ ያረምነው ወረቀት ይህችን እናት ከደጅ እንደ መለሰ ባወቅን ጊዜ እጅግ አፈርን።

ጥር 12 ቀን በምናከብረው በቃና ዘገሊላ ሠርግ የወይን ጠጁ ሲያልቅ፣ ባለ ሠርጉ ጉድለቱን ለታዳሚው አላወጀም፤ አይታ ያሰበችለት ለሠርጉ የተጠራችው እመቤታችን ናት። ጉድለትን አይቶ ማሰብ የተጠሪው ፈንታ ነው፤ ከጥሪው ጋራ የመጣ ዋጋ ግን ለድኻው የመግቢያ ክፍያ መስሎ ይታየዋል።

ስለዚህ ልጆቻቸውን ለሚድሩ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር እንጨምራለን። ዝርዝር ማዘጋጀት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በጥሪው ወረቀት ላይ አይታተም፤ «ምን እናምጣ?» ብሎ ለጠየቀ ብቻ በቃል ወይም በስልክ ይነገር። የእያንዳንዱ ዋጋም አይጻፍ፤ ሰጪው እንደ ዐቅሙ ያዋጣ። ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ግን ወረቀት አይጥራቸው፤ ሙሽሮቹ ራሳቸው ሄደው ይጥሯቸው፤ «ብቻ እርስዎ ይምጡልን» የሚለውንም ቃል ከአፋቸው ይስሙ። ደግሞም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በዐዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሰጪው ሌላ ቃል ካልተናገረ በቀር ለባልና ሚስት በአንድነት የተሰጠ ስጦታ የጋራ ሀብታቸው ነውና፣ የሽርሽሩም ገንዘብ ለሁለቱ እንደ ተሰጠ ተቈጥሮ በስምምነት ይውጣ።

ሙሽሮቹ ከአርባ ምንጭ ሲመለሱ ነገሩን ሳንደብቅ ነገርናቸው፤ የእኛም ጥፋት እንዳለበት አልሸሸግንም። ልጅቱ አለቀሰች። በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱ እንጀራና ወጥ ይዘው ወደ ገላን ጉራ ሄዱ፤ እኛም ተከተልን። እማማም መሶቡን ከተሸፈነበት ነጠላ ገልጠው በመካከላችን አኖሩት፤ ከእርሱም ቀርበን በላን። ቡናው እስኪፈላ ድረስ እማማ ሙሽራዪቱን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ያ አዞ የሚሉት እንዴት ያለ ነው?» ብለው ጠየቋት።