ሀገርን በእግር ማወቅ፦ ለአንድ ቀን ከስልካችን እንውጣ

ወገን፣ እስቲ ዛሬ የዕለቱን ጭቅጭቅ ለአፍታ ወደ ጎን እናድርገውና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስለ ታሪክ ስንት ጽሑፍ ሼር አድርጋችኋል? ስንቱንስ በኮሜንት «አንተ ታሪክ አታውቅም» ብላችሁ አሳፍራችኋል? እሺ፣ አሁን ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ሙዚየም ገባችሁ?

ዝም አላችሁ አይደል? ብቻችሁን አይደላችሁም። የኛ ትውልድ ትልቁ ጉድለት ሀገሩን አለመውደዱ አይደለም። መውደዱንማ ይወዳል፤ እንዲያውም ሲወድ ይጮኻል። ጉድለቱ የሚወደውን ነገር ሄዶ አለማየቱ ነው። የእናቱን ቤት በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ልጅ እናቱን ይወዳል ብትሉኝ አምናለሁ። ቤቱ ሲያፈስ ግን እንዴት ያውቃል?

ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው። የአንድ ቀን ጉዞ ትንሽ ነገር አይደለም። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት የሚገባ ሰው ሀገሩን ከአንድ ዓመት የፌስቡክ ክርክር በላይ ሊያውቃት ይችላል። እንዴት እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ።

ከአዲስ አበባ እንጀምር። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ። ኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ፣ ዓለም ሉሲ የሚላት፣ ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ለጎብኚ የቀረበው ቅጂዋ ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ይጠበቃል። ከፊቷ ቆማችሁ ቁመቷን ተመልከቱ፤ የሕፃን ልጅ ያህል ናት። «የሰው ዘር መገኛ» የሚለውን መፈክር ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ አጥንቶቹን አንድ በአንድ ስታዩ ግን ነገሩ መፈክር መሆኑ ይቀርና ሥጋና ደም ያለው ነገር ይሆናል።

ከዚያ ታክሲ አያስፈልጋችሁም። በእግር ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ሂዱ። አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። ብዙዎቻችን በየቀኑ በሚኒባስ እናልፈዋለን፤ «ስድስት ኪሎ ወራጅ አለ» ብለን እንወርዳለን እንጂ ቀና ብለን በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን አናይም። አንድ ጊዜ ዙሩት። የሚታረዱትን፣ የሚጎተቱትን፣ የሚያለቅሱትን እዩ። በ1929 ዓ.ም. በሦስት ቀን ውስጥ ያለቀው ሕዝብ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባቀረበው ቁጥር 30,000 ነው።

አሁን መንገዱን ተሻግራችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ዝለቁ። ይህ ግቢ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከኤርትራ የተወለዱት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ከሕንፃው ፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ታያላችሁ። ፋሽስቶች ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ ሰዎቻችን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። በቃ። የድል መልስ ይህን ይመስላል፤ ስድብ የለው፣ ጩኸት የለው።

ግን ቆይ፣ አልጨረስንም። ጉዞ ማለት ደስ የሚለንን ብቻ ማየት አይደለም። በዚያው ቤተ መንግሥት፣ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ፣ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በጥይት ተደበደቡ። ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። አስቡት እንግዲህ፦ አምስቱን የጠላት ዘመን በሸዋ በረሃ ተዋግተው ከፋሽስት ጥይት የተረፉ አርበኛ፣ በወገን ጥይት ወደቁ። በአንድ ግቢ ውስጥ የጀግንነታችንም፣ የእርስ በርስ መገዳደላችንም ማስረጃ ጎን ለጎን አለ። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መዝለል አይቻልም፤ በሩ አንድ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተውት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለበት። የንጉሡ መኝታ ቤት ከነመታጠቢያው አለ። ከዚያ ደግሞ ከየብሔረሰቡ የተሰበሰበው የእርሻ ዕቃ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ሥዕልና መስቀል ተዘርግቷል። እኔ ስለ ማንነት ብዙ ቃል ከሚያወጣ ሰው ይልቅ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ያሳለፈ ሰው የሚናገረውን እሰማለሁ። ለምን? የጎረቤቱን ማረሻ አይቷላ! ከራሱ ማረሻ ጋር ምን እንደሚያመሳስለውም ያውቃል።

ሌላ ቀን ደግሞ እንጦጦ ውጡ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነው። አጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት እዩት። ቤተ መንግሥት ሲባል እብነ በረድና ወርቅ ጠብቃችሁ ከሆነ ትደነግጣላችሁ፤ እንጨትና ጭቃ፣ በነጭ የተለሰነ ግድግዳ ነው። የዓድዋውን ጦር የመሩት ባልና ሚስት ይኖሩበት የነበረው ቤት ይህ ነው። ስለ ኃያልነት ያለኝ ሐሳብ እዚያ ቦታ ላይ ተስተካክሏል፤ የናንተም ይስተካከል።

ከእንጦጦ ግርጌ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፤ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። በየጎኑ የምናየው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ መሆኑን የሚያውቀው ስንቱ ነው? የምኒልክ ከተማ ማገዶ ሲያልቅባት ያዳናት እሱ ነው፤ እውነት ነው፣ ውለታ አለበት። ግን የሀገሩን ዛፍ የማያውቅ ወጣት አስነሥቶብናል። ማዕከሉ ውስጥ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ዝግባውን በስማቸው ለዩ። አያቶቻችሁ በኮሶ ሆዳቸውን ያጸዱ ነበር፣ በወይራ ቤታቸውን ያጥኑ ነበር። የባንዲራ ቀለም ለይቶ የዛፍ ቅጠል የማይለይ ሀገር ወዳድ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ግማሽ ነው።

ትንሽ ራቅ እንበል? የቡታጅራን መንገድ ያዙ። አንድ ቀን ይበቃችኋል፤ ማልዳችሁ ከወጣችሁ ሦስት ቦታ ታያላችሁ። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጥሬ ነው። እዚያ የሰው ዘር እስከ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ የኖረበት አሻራ ተገኝቷል። ከ700,000 ዓመት በፊት ልጆች ጭቃ ላይ የተዉት የእግር ዱካ ሳይቀር ተገኝቷል። ቦታው ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. የዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ዜናውን ሁላችንም ሼር አድርገናል። ከዚያ በኋላ ስንቶቻችን ሄድን?

ቀጥሎ አዳዲ ማርያም። ላሊበላ መሄድ ለብዙዎቻችን ህልም ሆኖ ቀርቷል፤ ገንዘቡም አለ፣ መንገዱም አለ። ግን ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ለማየት የግድ ላሊበላ መድረስ እንደሌለብን አዳዲ ታስተምራለች። ከሥራ ቀን በፊት ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።

ሦስተኛው ጥያ ነው። 36 ትክል ድንጋዮች፣ ከነዚህም 32ቱ ሰይፍና ሌላ ምልክት የተቀረጸባቸው፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ። በአካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉ ትሰማላችሁ። ተመራማሪዎች ግን ድንጋዮቹን ከግራኝ አሕመድ ዘመን መቶዎች ዓመታት አስቀድመው ነው የሚያስቀምጧቸው። እዚህ ላይ ትምህርት አለ። አፍ የሚለውንም ስሙ፣ ድንጋዩ የሚለውንም እዩ፣ ከዚያ ፍረዱ። ይህን ልማድ ከጥያ ይዞ የተመለሰ ወጣት፣ ስልኩ ላይ የሚመጣለትን «የተደበቀ ታሪክ» ሁሉ ሳያኝክ አይውጥም።

በዓሉንም አትርሱ። በጥር 10 ጃንሜዳ ወርዳችሁ ታቦታቱ ሲመጡ ቁሙ። መስከረም 16 ደመራውን እዩ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሄዳችሁ ኢሬቻን ተመልከቱ። አንዳንዱ «ያ የኔ አይደለም» ይለኛል። እኔም የምልህ ይህንኑ ነው ወንድሜ፤ ያንተ ስላልሆነ ነው ሄደህ ማየት ያለብህ። የራስህንማ እናትህ ነግራሃለች። የጎረቤትህን በዓል በአክብሮት ቆመህ ሳታይ ስለ ጎረቤትህ ረጅም ጽሑፍ አትጻፍ። አንድ ቀን ሣር ይዞ ወደ ውኃ ሲወርድ ያየኸውን ሽማግሌ በስሙ መሳደብ ያቅትሃል፤ ይህ ድካም አይደለም፣ ሰውነት ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ፤ ኮሜንቱን ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

«ወገን እየሞተ ሽርሽር?» ትላላችሁ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። ግን አስቡበት፦ ጦርነት ሰው ብቻ አይደለም የሚበላው፤ ቅርስም ይበላል። የጠፋውን ቅርስ «እንዲህ ነበር፣ እዚህ ጋ ቆሞ ነበር» ብሎ የሚመሰክረው ቀድሞ ያየው ሰው ብቻ ነው። ያላየነውን ቢዘርፉን እንኳ መዘረፋችንን አናውቅም።

ይህን በመቅደላ ጉዳይ ላይ አስተውሉት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዘርፎት የሄደው ቅርስ ይመለስ ብለን ሁላችንም እንጮኻለን፤ ልክ ነን። በ2011 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን ሲመለስ አለቀስን። መጀመሪያ የሚቀርብብን ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ሲመለስ ማን ሊያየው? ለንደን ያለውን ሙዚየም ሰው ሞልቶታል። የኛ ሙዚየም አዳራሽ ባዶ ከሆነ፣ ሌባው «እኔ ጋ ይሻላል» ሲለን ምን መልስ አለን? «የኛ ነው» የሚለው ቃል ክብደት የሚኖረው እኛ ስንገኝ ነው። ወረፋ ይዘን ትኬት ስንቆርጥ፣ ያ ራሱ ክርክር ነው።

«ገንዘብ የለም» ትላላችሁ። የስድስት ኪሎው ጉዞ የታክሲና የመግቢያ ብር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ለዜጋ የሚጠየቀው ደግሞ ለውጭ ሰው ከሚጠየቀው ያንሳል። ለራቅ ላለው መንገድ የአባቶቻችን መላ አለ፤ ዕቁብ ጣሉ። አሥራ ሁለት ሆናችሁ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አዋጡ፤ ሲሞላ አንድ ሚኒባስ ተከራዩ። ስንቅ ከቤት ያዙ፤ ዳቦና ቆሎ ይበቃል።

«መንገዱ ሰላም አይደለም» ለሚል መልሴ አጭር ነው፦ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ አትሂዱ። ማንም ሰው ለሙዚየም ብሎ ይሙት አላልኩም። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ነው፤ አምስት ኪሎ የትም አልሄደም።

ስትሄዱ ደግሞ እንደ ሰው ሂዱ። ሴልፊ ተነሡ፣ ማን ከለከላችሁ? ግን መጀመሪያ ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡ። አስጎብኚውን ጠይቁት፤ ጠይቆት የማያውቅ ስንት ጎብኚ አለ መሰላችሁ! ግድግዳ ላይ ስማችሁን አትጻፉ፤ «አበበ ነበርኩ» የሚል ጽሑፍ ታሪክ አይሆንም፣ ቁስል ነው። የላስቲክ ጠርሙስ ጥላችሁ አትመለሱ። የሚቻል ከሆነ አንድ አዛውንት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሙዚየሙ ያልጻፈውን እሳቸው ይነግሯችኋል። ታናናሾቻችሁንም አስከትሉ፤ ልጅ ያየውን አይረሳም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፣ ከባድ አይደለም። በወር አንድ ቅዳሜ ወይም አንድ እሑድ። ከዓመቱ አሥራ ሁለት ቀን። አሥራ ሁለት ቦታ ያየ ወጣት በዓመቱ መጨረሻ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል፤ አይጮኽም፣ ግን ይሰማል። የሚከራከረው ስለ ሰማው ሳይሆን ስላየው ነው።

ይህን ጽሑፍ ላይክ አድርጋችሁ ብቻ አትለፉ። ለሚሄድ ጓደኛ ታግ አድርጉና ቀን ቁረጡ። ስትመለሱ ደግሞ የት ሄዳችሁ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንዳስከፋችሁ፣ የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ ከታች ጻፉልን። የሚያፈሰውን ቤት ለመጠገን መጀመሪያ ገብቶ ያየው ሰው ያስፈልጋል።

መልካም መንገድ፣ ወገን።