የእጅ ሙያና ሮቦት

ሮቦት የተባለው በራሱ የሚንቀሳቀስ መኪና የሰውን የእጅ ሥራ ይለምድ ዘንድ በዛሬው ዘመን ብዙ ምርምር ይደረጋል። ቍጥርን መቀመር ለመኪና ቀላል ሆኖ ሳለ፥ ሰው ሳያስብበት የሚያደርገውን፥ ለስላሳ ጨርቅ ማንሣትንና ማጠፍን፥ ለሮቦት ማስተማር እጅግ ከባድ ሆኖ ተገኝቷል። የሰው እጅ በ27 አጥንቶች የተገጣጠመ ከመሆኑም በላይ፥ የያዘውን ነገር ክብደትና ልስላሴ በመዳሰስ ያውቃልና።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ከመረጧቸው መንገዶች አንዱ የሰውን እንቅስቃሴ መከተል ነው። ይኸውም ባለሙያው ሲሠራ የጣቱና የክንዱ አካሄድ በካሜራና በመለኪያ ይመዘገባል፤ ሮቦቱም መዝገቡን እየተከተለ ይለምዳል። የዝማሜ ተማሪ የመቋሚያውን አነሣሥ ከመሪጌታው አይቶ እንደሚቀበል ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው፥ ሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ ካሳየ በኋላ፥ ሮቦት ባትሪን ወደ ማደሪያው ማስገባትን የመሰለ ሥራ ከመቶው 80 እስከ 90 ያህሉን እንደ ፈጸመ አስታውቀዋል።

ኢትዮጵያውያንም ለዚህ ጥበብ እንግዶች አይደሉም። በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ፥ በፕሮግራሟ ሥራ የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ተካፋዮች እንደ ነበሩ ታውቋል። ንግግርና የፊት ገጽታ ያስደንቃሉ፤ እንጀራ የሚያበላው ግን እጅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወጣቶች ልብስ ይሰፋሉ፤ በባቱም ጽጌረዳ ይቈርጣሉ። የነዚህ እጆች ልምድ እስከ ዛሬ የሚገመተው በደመወዝ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን እንቅስቃሴው ራሱ የሚመዘገብ ሀብት ወደ መሆን ደርሷል። ሠራተኛይቱ ሳታውቅ ሙያዋ ተቀርጾ ቢወሰድ፥ ነገ ሥራዋን የሚነጥቃትን ደቀ መዝሙር ያለ ዋጋ አሳደገች ማለት ነው።

ይህ ሲባል ከጥበቡ መሸሽ ይገባል ማለት አይደለም፤ የሚሸሽ አገር የሌሎችን መኪና ገዢ ሆኖ ይቀራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ ይጠብቃል እንጂ የሙያን ዋጋ አይተምንም። ስለዚህ የሥራና የኢንዱስትሪ ሹማምንት ሦስት ነገር ሊያስቡ ይገባል፤ ማንም ሠራተኛ ሳይፈቅድ እንቅስቃሴው እንዳይቀረጽ፤ ለፈቀደም ከደመወዙ ሌላ ተገቢ ዋጋ እንዲከፈለው፤ መዝገቡም የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ለመሰሉ ያገር ትምህርት ቤቶች መመራመሪያ እንዲሆን።

ሙያን የሚማር ሁሉ፥ ሰውም ቢሆን ሮቦት፥ የመምህሩ ዋጋ ሊቀርበት አይገባም።